ከሳጅን ናዛሬኖ እጅ ስለተረፈችው ችግኝ

የቅዱስ ሮክ ሕንፃ ነዋሪዎች ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 2024
ቦታ፦ ማልታ፣ ዛባር፣ በሕንፃው ጣሪያ ላይ ያለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል
ሰዓት፦ ከቅዳሴ መልስ፣ 4፡40

የተገኙ አባላት
1. ሳጅን ናዛሬኖ ኩታያር፣ ጡረታ የወጡ ፖሊስ፣ ሰብሳቢ
2. ወ/ሮ ጂዛ ኩታያር፣ የሰብሳቢው ባለቤት፣ ዳንቴል ሠሪ
3. አቶ ስፒሩ ሹዌረብ፣ የቀድሞ የመርከብ በያጅ
4. ወ/ሮ ፊሎሜና ዛርብ፣ የምድር ቤት ነዋሪ
5. ዊስቲን ግሬክ፣ ፀሐፊ

በፈቃድ የቀሩ፦ የ6 ቁጥር ቤት ባለቤት፤ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት አውስትራሊያ ሄደው እስካሁን ስላልተመለሱ።

ሰብሳቢው የተገኙትን ሁለት ጊዜ ቆጥረው ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን አረጋግጠዋል። ስብሰባው በልብስ ማጠቢያው ክፍል የተደረገው ሳጅን ናዛሬኖ የአቶ ስፒሩን ቤት፣ አቶ ስፒሩም የሳጅን ናዛሬኖን ቤት ስለማይረግጡ ነው። ሳጅኑ እ.ኤ.አ. በ1996 እዚሁ ጣሪያ ላይ፣ በአቶ ስፒሩ ቲማቲሞች መሀል አንድ የካናቢስ ተክል አግኝተው አቶ ስፒሩን በካቴና አስረው አውርደዋቸው ነበር። አቶ ስፒሩ አራት ወር ታሰሩ፣ የበያጅነት ሥራቸውንም አጡ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የሚነጋገሩት በፀሐፊው በኩል ብቻ ነው። ዛሬ በመካከላቸው የነበረው ርቀት አንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው።

አጀንዳ 1፦ ስለ አራቱ ዘሮች አበቃቀል ሪፖርት መስማት

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ ሕጉ አሁን በየቤቱ እስከ አራት ተክል ስለሚፈቅድና የባለቤታቸው እጅ በቁርጥማት ስለተጎዳ፣ አራት የካናቢስ ዘሮች ገዝተዋል። ዘሮቹን በረጠበ የወጥ ቤት ወረቀት ጠቅልለው፣ በሁለት ሳህኖች መካከል አድርገው፣ ሞቅ እንዲላቸው ማቀዝቀዣው አናት ላይ አስቀምጠዋል። ሳህኖቹ ላይ «ኤግዚቢት ሀ» እና «ኤግዚቢት ለ» የሚል ወረቀት ለጥፈዋል። በየሰዓቱም ከፍተው ተመልክተው መዝግበዋል።

ወ/ሮ ጂዛ፣ ሳህኖቹ ስለተያዙባቸው በእነዚያ ቀናት ሾርባ ከድስቱ ይጠጡ እንደነበር እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋል። ተመዝግቧል።

አቶ ስፒሩ «ዊስቲን፣ እባክህ ለሰውዬው ንገርልኝ፤ ዘር እስረኛ አይደለም፣ በየሰዓቱ አይቆጠርም። ጨለማና እርጥበት ነው የሚፈልገው፤ ክዳኑን በከፈተ ቁጥር ይደርቅበታል» ብለዋል። ፀሐፊው ነግሯል። ሰብሳቢው «ሰምቻለሁ በልልኝ፤ ግን በሦስተኛው ቀን አራቱም ነጭ ሥር አውጥተዋል በልልኝ» ብለዋል። ፀሐፊው ብሏል። አቶ ስፒሩ «የበቀሉት እሱን ፈርተው ነው» ሲሉ፣ ይህ ለሰብሳቢው እንዲነገር ስላልጠየቁ አልተነገረም።

ኮሚቴው በሰፊው ከተወያየ በኋላ፣ ሳህኖቹ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ሁለት ምስክሮች ባሉበት እንዲከፈቱ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ዘሮቹ በቅለው አፈር ከገቡ ሁለት ሳምንት ስላለፋቸው፣ ውሳኔው እንዴት እንደሚፈጸም ወደፊት ይጠናል።

አጀንዳ 2፦ የሦስት ችግኞች አሟሟት

አንደኛዋ ችግኝ የሞተችው በውሃ ነው። ሳጅኑ ማለዳ ያጠጧት ነበር፤ ወ/ሮ ጂዛም ባላቸው ማጠጣታቸውን ሳያውቁ ረፋድ ላይ ይደግሟታል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወ/ሮ ፊሎሜና «እፀ ፋሪስ ነው ሲሉ ሰምቼ፣ ቢያንስ ይባረክ ብዬ ነው» በማለት ከቤተ ክርስቲያን ያመጡትን ጸበል ይጨምሩባታል። ግንዷ ከአፈሩ ጋር በተገናኘበት በኩል በስብሶ ወደቀች። ወ/ሮ ፊሎሜና ቢያንስ ተጠምቃ ሞታለች ብለዋል።

ሁለተኛዋ ወደ ሕንፃው ጠባብና ጨለማ የአየር ማስገቢያ በሚከፈተው መስኮት ላይ ተቀምጣ ነበር። ብርሃን ፍለጋ እንደ ክር ቀጥና ተሳበችና፣ ራሷን መሸከም አቅቷት ተኛች። ሰብሳቢው ችግኟ የሸሸች መስሏቸው በስፌት ክር ከመስኮቱ ጋር እንዳሰሯት አምነዋል። ሦስተኛዋ ይህ እንዳይደገም ተብሎ በአንድ ጊዜ ጣሪያ ላይ ወጣች፤ በዚያው ዕለት ከአፍሪካ የሚነፍሰው ትኩስ ነፋስ መጣ። ማታ የቀረው የተተከለችበት ማሰሮ ብቻ ነው።

ሰብሳቢው በሦስቱም ሞት ላይ ምርመራ ይከፈት፣ እያንዳንዱ አባልም የት እንደነበረ በጽሑፍ ቃሉን ይስጥ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ፊሎሜና በበኩላቸው ምርመራ የሚከፈት ከሆነ መጀመሪያ ሳጅኑ አቶ ስፒሩን ይቅርታ ይጠይቁ አሉ። ሰብሳቢው ይህ በአጀንዳው ላይ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። የለም። ወደሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። ፀሐፊው መዝገቡን ሲያገላብጥ ላለፉት አሥራ አንድ ስብሰባዎችም ሲተላለፍ እንደመጣ አይቷል።

ውሳኔ፦ የውሃ ማጠጫ ተራ ወጥቶ፣ ያጠጣ ሰው በመዝገብ ይፈርማል። ጸበልም እንደ ውሃ ይቆጠራል። ወ/ሮ ፊሎሜና ተቃውመዋል።

አጀንዳ 3፦ የተረፈችውን ችግኝ በሚመለከት

ችግኟ በጠረጴዛው ላይ ቀረበች። ቁመቷ የአንድ ጣት ያህል ነው፤ አራት ቅጠል አላት፤ ጫፋቸው ቢጫ መሆን ጀምሯል።

ሰብሳቢው ችግኟ በእርሳቸው ጥበቃ ሥር እንድትቆይ፣ አቶ ስፒሩም በጽሑፍ ብቻ ምክር የሚሰጡ የቴክኒክ አማካሪ ሆነው እንዲሾሙ ሐሳብ አቀረቡ። በአራት ድምፅ ድጋፍና በአንድ ተአቅቦ ጸደቀ። ድምፅ ያልሰጡት ወ/ሮ ጂዛ ብቻ ነበሩ። ለምን እጃቸውን እንዳላወጡ ሰብሳቢው ጠየቋቸው።

ወ/ሮ ጂዛ የተናገሩት ቃል በቃል እንደሚከተለው ነው፦

«እጄን? አንተ ሰውዬ፣ የትኛውን እጄን? ካለፈው ገና ጀምሮ ከትከሻዬ በላይ አላነሳሁትም። የቤተ ክርስቲያኑ መንበር ዳንቴል በግማሽ ቀርቶ መሥሪያ ትራሱ ላይ ተሰክቶ አለ፤ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ክሩ የሚጠቀለልባቸውን እንጨቶች መያዝ አልችልም። ሲኒ እንኳ በሁለት እጄ ነው የማነሳው። ይሄ ተክል ይጠቅመኝ አይጠቅመኝ አላውቅም፤ ልሞክረው ነው ያልኩት። አንተ ግን ሦስቱን ገደልክብኝ። ከዚህ ሕንፃ ችግኝ ማሳደግ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ እሱን ደግሞ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በዊስቲን በኩል ነው የምታናግረው!»

ይህን ብለው ማሰሮውን በሁለት መዳፋቸው አቅፈው ተነሱና አቶ ስፒሩ ጉልበት ላይ አስቀመጡት።

አቶ ስፒሩ ችግኟን አገላብጠው ካዩ በኋላ ለወ/ሮ ጂዛ እንዲህ አሉ፦ «ጂዛዬ፣ በደስታ ነበር። ግን በረንዳዬ ላይ አራት አሉኝ። ሕጉ አራት ነው የሚለው። ሕጉን ደግሞ እኔ አራት ወር ቁጭ ብዬ ነው የተማርኩት፤ ለአምስተኛዋ ተመልሼ ክፍል አልገባም።»

ሰብሳቢው ሥርዓት እንዲከበር መዶሻቸውን አንስተው ነበር፤ ሳይመቱ መልሰው አስቀመጡት። ፀሐፊው መልእክት ለመቀበል ወደ እርሳቸው ዘወር ቢልም፣ በእጃቸው ዞር በል አሉት።

«ስፒሩ» አሉ ሰብሳቢው። «ውሃ በስንት ቀኑ ነው የምትጠጣው?»

አቶ ስፒሩ በመጀመሪያ ወደ ፀሐፊው ተመለከቱ። ፀሐፊው ወረቀቱን ተመለከተ።

«በቀን አይደለም» አሉ አቶ ስፒሩ። «ጣትህን አፈሩ ውስጥ ክተት። ላዩ ደርቆ ስታገኘው ታጠጣለህ። እርጥብ ከሆነ ትተዋታለህ።»

«መተው ብቻ?»

«መተው ብቻ። እሱ ነው የሚከብድህ።»

ሰብሳቢው ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ከተቱ። እርጥብ ነው አሉ። ቀጥሎም ድምፃቸው ለፀሐፊው በግልጽ ባልተሰማ ሁኔታ ስለ 1996 አንድ ነገር ተናገሩ። አቶ ስፒሩ «እሱን እንኳ ተወው፤ ቲማቲሞቹን ግን ለምን ነቀልካቸው?» አሉ። ሰብሳቢው በዚያን ጊዜ ቅጠሎቹን መለየት አለመቻላቸውን፣ ማንንም መጠየቅ አፍረው ሁሉንም እንደነቀሉ ገልጸዋል። አቶ ስፒሩ ሳቁ። ሳጅኑ አልሳቁም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ወለወሉ።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ሕጉ መከበሩን ለማረጋገጥ ኮሚቴው በሙሉ ወደ አቶ ስፒሩ ቤት ወርዷል። ሰብሳቢው ደፉን ሲያልፉ ኮፍያቸውን አውልቀዋል። በረንዳው ላይ፣ ከመንገድ በማይታይበት በኩል፣ ችግኟ ከሌሎቹ ጎን ተቀመጠች። ሰብሳቢው በጣታቸው እያመለከቱ ቆጠሩ።

«አራት» አሉ።

ወ/ሮ ፊሎሜና አምስት ናቸው አሉ። ሰብሳቢው መነጽር አድርገዋል ወይ ብለው ጠየቋቸው። አላደረግኩም አሉ። እንግዲያው አራት ናቸው ተባለ። ሠላሳ አንድ ዓመት በፖሊስነት ያገለገለ ሰው የቆጠረውን ፀሐፊው እንደገና ለመቁጠር ሥልጣን የለውም።

በመጨረሻም ኮሚቴው በበረንዳው ላይ ቆሞ በሰፊው ከተወያየ በኋላ የሚከተለውን በሙሉ ድምፅ ወስኗል፦

በአጀንዳ 1 ስለ ሳህኖቹ፣ በአጀንዳ 2 ስለ ውሃ ተራና ስለ ጸበል፣ በአጀንዳ 3 ስለ ጥበቃና ስለ ቴክኒክ አማካሪ የተወሰኑት ውሳኔዎች በሙሉ ተሽረዋል። ችግኟን በተመለከተ ኮሚቴው ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ውሳኔ አይወስንም። ወ/ሮ ጂዛ በፈለጉ ሰዓት መጥተው ያዩዋታል።

የወ/ሮ ፊሎሜና መኮሮኒ ምድጃ ላይ እያረረ መሆኑ በጠረኑ ስለታወቀ ጉባኤው 6፡25 ላይ ተበትኗል። የሰብሳቢውና የአቶ ስፒሩ ፊርማ አልተወሰደም፤ ሁለቱ በረንዳው ላይ ወሬ ይዘው ስለነበር ፀሐፊው ሊያቋርጣቸው አልፈለገም።