የልጄን ሰርቨር የመረጥኩት እኔ ነኝ

ወገን፣ ዛሬ የደረሰብኝን ለጠላቴም አልመኝ! ቀድሜ ራሴ ልናገር ብዬ ነው የምጽፈው፤ እትዬ ጽጌ እስካሁን ለግማሽ አማን ከተማ ሳያዳርሱ አልቀሩም።

ፊደል ብስት አትፍረዱብኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ጣቴም ጎደሬ ለመላጥ እንጂ ስልክ ለመንካት አልተፈጠረም።

ልጄን በረከትን ታውቁታላችሁ። ተመርቆ ቤት የተቀመጠው። (ሳቁ! እናንተም ቤት አለ።)

ቀኑን ሙሉ ላፕቶፑ ላይ ተደፍቶ ይውላል። "ሥራ ነው እማዬ" ይላል። እኔ የማውቀው ሥራ ያልባል፣ ያቆሽሻል፣ ወገብ ያጎብጣል። እሱን የሚያመው አንገቱን ብቻ ነው።

ይሁን ብዬ ትቼው ነበር። በዚህ ዘመን ወጣት ደጅ ከሚቆም ቤት ቢቀመጥ ይሻለኛል። እኔ ፈሪ ነኝ፣ አልደብቅም። መኪና በራችን ላይ ሞተር ሲያጠፋ ልጆቼን የምቆጥር ሴት ነኝ።

ያለኝ ደግሞ አንድ ልጅ!

ትናንት ከገበያ ስመለስ የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። አሜሪካ ካለው የአክስቱ ልጅ ከምስክር ጋር በስልክ ያወራል።

"ሱቁ አጠገብ እንከራያለን" ይላል። "ልክ ሲከፈት፣ ሰው ሳይደርስ፣ ገብተን እንወጣለን።"

ቆምኩ።

"ሃምሳ አሰልፌያለሁ። ሁሉም የተለያየ አድራሻ አላቸው፤ የእኛ መሆናቸው በፍጹም አይታወቅም።"

የሙዝ ቅርጫቴ ከእጄ ወደቀ።

ልጄ ሱቅ ሊዘርፍ ነው! ያውም አሜሪካ! ያውም ሃምሳ ሰው አስከትሎ!

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? እስኪ ንገሩኝ!

እኔ ሙዜን ለቅሜ ወደ ማጀት ገባሁ። ፈሪ እናት ልጇን አትጠይቅም፤ ሽማግሌ ትጠራለች።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የእድራችንን ዳኛ ጋሽ ወልዴን ጠራሁ። ዕድሜ ልካቸውን ከገበሬ እሸት ቡና እየገዙ ሲሰበስቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አጭበርባሪን በአረማመዱ ይለዩታል። ከጸሎት ቡድናችን እትዬ ጽጌን ጨመርኩ። ጎደሬ ቀቅዬ በዳጣ አቀረብኩ። ልጁን መሃል አስቀመጥነው።

እትዬ ጽጌ በጸሎት ከፈቱ። ጸሎቱ ውስጥ "ከእስር ቤት ደጃፍ መልሰው" የሚል ነበረበት።

በረከት አንድ ዓይኑን ገልጦ አየኝ።

"እማዬ፣ ምን አጠፋሁ?"

"እስኪ አንተው ተናገር! ሃምሳዎቹ እነማን ናቸው?"

መጀመሪያ ሦስታችንንም ተራ በተራ ተመለከተን። ከዚያ ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ጫማ ነው ወገኖቼ። ጫማ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ስኒከር ይሠሩና ሆን ብለው ጥቂት ብቻ ያወጣሉ። በተባለው ሰዓት ኦንላይን ይለቀቃል። ዓለም ይሻማል። ዓይን ሳይርገበገብ ያልቃል። ያገኘ ላጣው አስወድዶ ይሸጥለታል። እነ በረከት ደግሞ በሰው ጣት ፋንታ የሚገዛ ፕሮግራም አላቸው። ሃምሳዎቹ ሰዎች አይደሉም፤ ሃምሳ ሰው መስሎ የሚሰለፍ ያው አንዱ ፕሮግራም ነው።

"የምትከራዩት ቤትስ?" አሉ ጋሽ ወልዴ።

"ቤት አይደለም ጋሼ፣ ኮምፒውተር ነው። ሰርቨር ይሉታል። እዚህ መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢሄድ፣ እሱ እዚያው ሆኖ ይገዛልናል።"

"ኃጢአት የለበትም?" አሉ እትዬ ጽጌ፣ ጎደሬያቸውን ሳያስቀምጡ።

በረከት ጭንቅላቱን አከከ። "እንግዲህ... ሰልፍ መቅደም ነው።"

"ሰልፍ መቅደምማ ዘይት ሲመጣም አለ" አሉ ጋሽ ወልዴ። የኃጢአቱ ጉዳይ በዚሁ ተዘጋ።

ከዚያ ልጄ አንድ ነገር ጨመረ። እሷ ናት ያፈረሰችኝ።

ዛሬ ከተሳካለት ምስክር ሥራውን ጠቅልሎ ይሰጠዋል፤ እዚሁ ቤቱ ተቀምጦ ይሠራል። ካልተሳካ ግን በቃው፣ አዲስ አበባ ሄዶ ሥራ ይፈልጋል። ነገ ጠዋት በሚነሳው አውቶቡስ።

ነገ!

እስከዚያች ደቂቃ "ሌብነት" ስል የነበርኩት ሴትዮ፣ "ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ጀምረው እንጂ!" ብዬ ጮህኩ። (እናት የሆነች ትፍረደኝ!)

ሰርቨሩ ደግሞ የሚቀመጥበት አገር ይመረጥለታል። አንዱ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የሚሉት ቦታ ነው። ሌላው ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት። በረከት ቨርጂኒያን መርጦ ጨርሷል፤ የሱቁ ኮምፒውተር ያለው እዚያ ነው፣ ለሱቁ የቀረበ ይቀድማል።

"ለእኛ የሚቀርበው የቱ ነው?" አልኩት።

"ለእኛማ ጀርመን ይቀርባል። ግን እማዬ፣ ለእኛ መቅረቡ ምንም..."

ጋሽ ወልዴ አቋረጡት። "ልጁ ልክ ነው! እሸት ቡና በሚለቀምበት ወቅት ሰው የሚቆመው ገበሬው በሚወጣበት በር ነው። እኔ ገበሬው በሚመጣበት በሸኮ መንገድ ላይ የሚገዛልኝን ሰው ሳቆም፣ እነ እገሌ አማን ቁጭ ብለው ሚዛናቸውን ይወለውሉ ነበር። ማን በላ?"

"እኔ ግን ጀርመን ይሻላል ባይ ነኝ" አሉ እትዬ ጽጌ። "የባለቤቴ የጀርመን ሬዲዮ ይኸው እስካሁን ያወራል።"

አያችሁልኝ? ልጅ እንዲመክሩልኝ የጠራኋቸው ሽማግሌዎች የሰርቨር ኮሚቴ ሆነው ቁጭ!

ስልክ ጠራ። ምስክር ነው። ዛሬ የስልክ ድምፅ ጥርት የሚለው አቮካዶው ዛፍ ሥር ብቻ ስለሆነ በረከት ወደ ጓሮ ሮጠ።

"ሁሉም ተስተካክሏል፤ ማስጀመር ብቻ ነው የቀረኝ። እማዬ፣ እንዳትነኪው!"

ባይለኝ አልነካውም ነበር።

ብቻዬን አሰብኩ። አሜሪካ ከባሕር ማዶ ነው። ፖሊሱም ብዙ ነው ይባላል። አንድ ነገር ቢመጣ ማን ይደርስልናል? የቀረበ ነገር ነው የሚበጀው። እኔ ዶሮዬን እንኳ አልጋዬ ሥር ነው የማሳድራት!

እንግሊዝኛ አላነብም። ከየአገሩ ስም ጎን ያለውን ባንዲራ ግን አውቃለሁ! የጀርመንን በዓለም ዋንጫ ጊዜ ነው የለየሁት፤ በረከት ማልያውን ለብሶ አላወልቅም ብሎኝ ነበር። ያቺን የላፕቶፑን ትንሽ ቀስት እየገፋሁ፣ እያመለጠችኝ፣ እየገፋሁ፣ ባንዲራው ላይ አደረስኳትና ተጫንኩ።

"ተይ!" አሉ ጋሽ ወልዴ።

"አሜን" አሉ እትዬ ጽጌ።

በረከት እያለከለከ ገባ። ሰዓቱ ደርሷል። ምኑንም ሳያይ ማስጀመሪያውን ተጫነ። ሃምሳዎቹ ተሰለፉ። ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅን።

ልጄ ከወንበሩ ወደ ኋላ ተንጋለለ።

"ሶልድ አውት።"

"ምን ማለት ነው?"

"አልቋል።"

"ሁሉም?"

"አንድ አልቀረም።"

ከዚያ ዓይኑ ባንዲራው ላይ አረፈ። "ፍራንክፈርት ማን አደረገው?"

ጋሽ ወልዴ ኮርኒስ ማየት ጀመሩ። እትዬ ጽጌ ጎደሬ ጎረሱ። እኔ ተነስቼ "እሽ!" ብዬ ዶሮ አባረርኩ።

ቤቱ ውስጥ ዶሮ አልነበረም።

"እማዬ!"

"የሚቀርበውን ነው እኮ የመረጥኩልህ..."

"ለማን የሚቀርበውን?"

 ምን ልበለው?

ጋሽ ወልዴ ባርኔጣቸውን አነሱ። "እህቴ" አሉኝ፣ "ቡናው ሸኮ ሲሸጥ ሰውሽን ማጀትሽ ውስጥ አቆምሽው።" ይችን ጥለውልኝ ወጡ። እትዬ ጽጌ ተከተሏቸው፤ ነጠላቸውን እንኳ በትክክል አላጣፉም፤ ወሬ ሲሞቅ ነው የሚቀርበው!

በረከት አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደና አቧራውን አራገፈ።

"አትዘኚ እማዬ። ሰው የሚቆመው ሥራ ባለበት በር ነው። ጋሽ ወልዴ ነግረውሽ የለ?"

ይቺን ሲል ሳል መጣብኝ። ሳል ነው እንግዲህ፣ እናንተም እንደዚያ በሉልኝ።

አሁን የአውቶቡስ ቲኬት ሊቆርጥ በነጠላ ጫማ ሚዛን ከተማ ወጥቷል።

በነጠላ ጫማ ለምን? እሱ ነው ሁለተኛው ጉድ!

ልጄ ያለው ጫማ አንድ ነው። የአሜሪካን ጫማ በሃምሳ ሰው የሚያሳድደው ልጅ፣ ለራሱ አንድ ጥንድ! ሻንጣውን ሲያራግፍ አየሁና ጫማውን አንስቼ በባዶ የቡና ጆንያ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር፣ ዶሮዋ የምታድርበት ቦታ ወተፍኩት። ዞር ብሎ ሲፈልገው "እኔ ምን አውቃለሁ" አልኩ። ጫማ የሌለው ልጅ በዚህ ጭቃ የት ይሄዳል? ጎበዝ አይደለሁም?

ሲወጣ ግን አላስቻለኝም። አወጣሁና አየሁት። እስከ ማሰሪያው ድረስ ጭቃ! በዚህ አዲስ አበባ ቢገባ "እናት የለውም እንዴ?" አይሉም?

አጠብኩት። በሳሙና። በብሩሽ። ማሰሪያውን ለብቻ።

አሁን አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ከመንገድ ይታያል፤ የጎረቤት ሰው ሁሉ እያየው ያልፋል። ያለኝ ተስፋ የሚዛን ሰማይ ብቻ ነው፤ ደመናው ከብዷል፣ እስከ ነገ ጠዋት ድረስ ባይደርቅ ብዬ እየጸለይኩ ነው። ጸሎቱን ለእትዬ ጽጌ አልነገርኩም።

በረከት፣ ይህን ፖስት ካየህ አላየህም!

እናንተ ደግሞ ላይኩን ተዉትና ቶሎ ኮመንት ላይ ምከሩኝ፤ ልጁ እየመጣ ነው። የታጠበ ጫማ የት ይደበቃል? ቅርብ ይሻላል ሩቅ? እኔ እንደሆነ ቦታ መምረጥ እንደማላውቅ አይታችኋል!