ያለ ጠላ የተነገረ ነገር

በእኛ በደብረ ታቦር ስካር ራሱን የቻለ ሹመት ነው። ወንድ ጠጥቶ ሲፎክር፣ ያልገደለውን ገደልሁ፣ ያልማረከውን ማረክሁ ሲል፣ የቤቱ ሰው ሁሉ «ወንድ ማለት!» ይለዋል። ንጉሡ መድፍ ሊያሠሩ ከነሠራዊታቸው እዚህ ከሰፈሩ ወዲህማ የጀግናው ቁጥር ከጋኑ ቁጥር ጋር እኩል ሆኗል። ሴት ስትሰክር ግን ሌላ ነው። ትታማለች። የተናገረችው ግን አይቆጠርባትም። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፤ እኔ ዘግይቼ ነው ልብ ያልኋት። አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ንባብ ያስተማሩኝ ዝም እንድልላቸው ነው፤ ተሳክቶላቸዋል። ሰው ከማየት ይልቅ ዳዊት ሳገላብጥ ነው ያደግሁት።

ጎረቤታችን እትዬ ደብሬ ከአምሳ ዓመት ያለፉ፣ ሁለት ባል አግብተው ሁለቱንም የፈቱ ሴት ናቸው። እትዬ አንጓች ደግሞ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ከአንበሳሜ ጥጥ ሊሸጡ መጥተው፣ ዝናብ ቢይዛቸው እትዬ ደብሬ ቤት ተጠለሉ። ዝናቡ አባርቷል፤ እሳቸው ግን ዛሬም እዚያው ናቸው። አንድ ሞሰብ፣ አንድ መደብ፣ አንድ ጋቢ። ሰዉ «እንደ እህትማማች ናቸው» ይላል። እህትማማች ጋቢ ሲሻማ እንጂ ሲጋራ አይቼ አላውቅም፤ ግን እንዲህ ያለውን አለመጠየቅ እኛ ዘንድ ጨዋነት ይባላል።

እትዬ ደብሬ ይጠጣሉ። ጠላውን ጠጥተው አረቄ ያስከትላሉ፤ ከዚያ የእትዬ አንጓችን አንገት አቅፈው «የኔ ዓለም! ባል ያልሰጠኝን አንቺ ሰጠሽኝ!» ይላሉ። ሰው ይስቃል። «ጠላው ነው» ይባላል። በማግስቱ እሳቸውም «ጠላው ነው» ይላሉ።

አንድ ቀን ሰክረው ምድጃ ላይ ወደቁና ክንዳቸው ተቃጠለ። እትዬ አንጓች ማር ሲቀቡላቸው እኔ ጨርቅ ይዤ ቆሜ ነበር።

«አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እወድሻለሁ ያልሽኝ በስካር ነው» አሉ እትዬ አንጓች። «ወይ በጤናሽ በይው፣ ወይ አንበሳሜ እገባልሻለሁ።»

«ሰው ምን ይላል፣ አንጓች?»

«እስካሁንስ ምን ሲል ኖረ?»

እትዬ ደብሬ ተነሥተው የነፍስ አባታቸው ዘንድ ሄዱ። «አባ፣ ከመጠጥ ይገዝቱኝ» አሉ። አባ ገዘቷቸው። ሰፈሩ ሁሉ እልል አለ፤ ደግሞስ ማን ክፉ ይላል?

በወሩ ቅዳሜ ዕለት የማርያም ማኅበር ደረሰ። አባ ጽዋውን ባረኩ፤ ዋንጫው ሲዞር እትዬ ደብሬ ሳይቀምሱ አሳለፉት። የቤቱ ባለቤት እማማ ውዴ ጨዋታ ወዳጅ ናቸው።

«አዬ ደብሬ፣ ጨዋታሽን ይዘሽው ገዳም ገባሽ! እስቲ ያቺን ለአንጓች የምትያትን በይልን፤ ናፈቀችን።»

ቤቱ ሳቀ። እትዬ ደብሬ ተነሡ።

«አንጓች እህቴ አይደለችም» አሉ። «ዐይኔ ናት። አሥራ አምስት ዓመት ወድጃታለሁ፤ ዛሬም እወዳታለሁ። ይኸው፣ አፌን አሽቱ።»

ማንም አላሸተተም። ማንም አልሳቀም። ከዚያ እማማ ውዴ ዋንጫ አንሥተው እየሮጡ መጡ።

«ያዢ እንጂ ደብሬ! እባክሽ! አንድ ጉንጭ ብቻ!»

«ጠጪ፣ ልጄ» አሉ አባ፤ «ግዝቱን ፈታሁልሽ፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ!» ያልተለመነ ፍታት እንዲህ ሲፈጥን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«የለም አባ» አሉ እትዬ ደብሬ። «አንድ ጊዜ ገብቼበታለሁ።»

እትዬ አንጓች ነጠላቸውን አደግድገው ተነሡ፤ የተቃጠለውን ክንድ ቀስ ብለው ያዙ፤ «ደኅና ዋሉ» ብለው ይዘዋቸው ወጡ።

ዋንጫው በእማማ ውዴ እጅ ቀረ። ለዚህ ነገር አንድ ሰው መስከር ነበረበት፤ ተናጋሪዋ እምቢ ካሉ እንግዲህ ሰሚው ይስከር። እማማ ውዴ ጨለጡት። አባ አስቀዱ። ማኅበርተኛው ሁሉ እሳት እንደሚያጠፋ ሰው እየተሽቀዳደመ ጠጣ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጋኑ ተገለበጠ። እኔም ሁለት ዋንጫ ጠጣሁ፤ ድፍረት ሲታደል የነበርሁበትን እንጃ።

በማግስቱ እሑድ አባ ስለ ስካር ክፋት አስተማሩ፤ ድምፃቸው ሻክሮ፣ ግንባራቸውን በሻሽ አሥረው። እኛም እየተደጋገፍን አዳመጥን። ከመላው ሰፈር ራሳቸውን ሳያማቸው፣ ጎን ለጎን ቀጥ ብለው የቆሙት ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ።