ከክምሩ እስከ አስፋልቱ የሮጥኩት ሩጫ

ዛሬ ጠዋት የለጠፍኩትን ቪዲዮ ላይክ ያደረጋችሁ ሁሉ፣ ላይካችሁን ቀስ ብላችሁ አንሱ። አልቀየማችሁም።

ያላያችሁት ደግሞ እድለኞች ናችሁ፤ እኔው እነግራችኋለሁ።

ቪዲዮው ላይ ሩዝ ማሳ መሃል ቆሜ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ አንድ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ እንዲህ እላለሁ፦ «አውስትራሊያ ውስጥ ሰው እባብ ይፈራል። ፎገራ ውስጥ እባብ ሰው ይፈራል!»

ከጀርባዬ አንድ ፈረንጅ ይስቃል።

ይህን ከለጠፍኩ በኋላ ጉራዬ አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየም። አሁን ወረታ፣ ሐኪም ቤት ግቢ ውስጥ፣ አጥር ሥር ቁጭ ብያለሁ። የምጽፈው በጥድፊያ ነው፤ የፊደል ስህተት ካያችሁ ይቅርታ።

ፈረንጁ ኮሊን ይባላል። አውስትራሊያዊ ነው። የፎገራን ሩዝ ሊያጠና ከመጣ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ እኔ አስተርጓሚው ነኝ። ጥሩ ሰው ነው። ችግሩ እኔ ነኝ።

አውስትራሊያ ሲባል እናንተ ምን ትዝ ይላችኋል? እኔ ኢንተርኔት ላይ ያየሁት እባብና ሸረሪት ብቻ ነው። ጫማ ውስጥ እባብ፣ መኪና ውስጥ እባብ፣ ሽንት ቤት ውስጥ እባብ! ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ መቀመጫ አሳጣሁት።

«ኮሊን፣ እናንተ አገር ሽንት ቤት ገብቶ በሕይወት የወጣ ሰው ሜዳሊያ ይሸለማል አይደል?»

ጠዋት ጠዋት ጫማውን ከማጥለቁ በፊት ገልብጦ ያራግፋል። ወረታ መሃል፣ ሆቴል ክፍል ውስጥ! እኔ በሩ ላይ ቆሜ «እዚህ ያለው ቁንጫ ብቻ ነው» እያልኩ እስቃለሁ።

እሱም ዝም አይለኝም። ለኮሊን ኢትዮጵያዊ ማለት ሯጭ ነው፣ አለቀ። ባጃጅ ስጠራ «ለምን አትሮጥም?» ይለኛል። ደረጃ ስወጣ ሰዓቱን ይይዝልኛል።

እኔ እኮ በሕይወቴ ሮጬ የደረስኩበት ነገር የለም! ሚኒባስ እንኳ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው ያመለጠኝ። ስንቴ አስረዳሁት መሰላችሁ? «ኮሊን፣ ኢትዮጵያዊ ሁሉ አይሮጥም። እኛ ጎንደሬዎች ደግሞ ጭራሽ አንሮጥም። ቆመን ነው የምንጠብቀው!»

ቆመን ነው የምንጠብቀው። ይቺን ያዙልኝ።

ዛሬ ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ፣ አያ ጌጡ ማሳ ላይ የሩዝ ክምር ተፈትቶ ወደ አውድማ የሚገባበት ቀን ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ለደቦ ወጥቷል።

አያ ጌጡ ማን ናቸው? የእናኑ አባት። እናኑ ማን ናት? እናንተ ደግሞ! ሁለት ዓመት ሙሉ «ልቤ» እያልኩ የጀርባዋን ፎቶ ስለጥፍ አላያችሁም? ሽማግሌ ልልክ የቀረኝ ሁለት ሳምንት ነው። እንግዲህ ዛሬ የሄድኩት ላስተረጉም ብቻ አይደለም፤ ለልጃቸው የምሆን ሰው መሆኔን ላሳያቸው ነው።

አሁን ለከተሜዎች አንድ ነገር ላስረዳ። የፎገራ ሜዳ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል። ውሃው ሲሸሽ ሩዙ ይታጨዳል፣ ይከመራል። ክምሩ ሥር ይሞቃል፣ አይጥም አይጠፋም። አይጥ ካለ ደግሞ ማን ተከትሎ እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ክምር ዝም ብሎ አይነሳም። አንድ ሰው ዱላ ይዞ ከአንድ ወገን ደህና አድርጎ ይደበድባል፤ በሌላው ወገን መውጫ ይተውለታል። አይጡም ሌላውም ወጥቶ እስኪያልቅ ይቆያል። ከዚያ ባለ ዱላው «ንጹሕ ነው» ሲል ሌላው ሰው እጁን ይሰዳል። ሥራው ቀላል ነው። ግን የሰው እጅ የሚገባው በሱ ቃል ነው።

አያ ጌጡ ዱላውን ለማን ሰጡ?

ለኔ!

«እንካ ልጄ፣ ደህና አድርገህ ደብድበው» አሉኝ። ልጄ አሉኝ! ሰማችሁ?

እኔ ምን አደረግኩ? በቀኝ እጄ ዱላውን፣ በግራ እጄ ስልኬን ያዝኩ። ጠዋት የለጠፍኩት ላይክ ሲጎርፍለት አይቼ ሁለተኛ ቪዲዮ አምሮኛል። እኔ በኮንጎ ጫማ፣ ኮሊን እስከ ጉልበቱ በሚደርስ ቦቲ። «ዓሣ ልታጠምድ ነው እንዴ?» እያልኩ እየቀረጽኩት፣ ክምሩን በዱላ ነካ ነካ አደረግኩት።

ሦስት ጊዜ። በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ።

«ንጹሕ ነው፣ አያ ጌጡ!»

አመኑኝ። ጎንበስ ብለው እጃቸውን ሰደዱና ነዶውን አቀፉ።

አብሮ ተነሳ።

አጭር ነው፣ ወፍራም ነው፣ መልኩ ከጭዱ አይለይም። እፉኝት! ጭንቅላቱ ሲወረወር አየሁት፤ ሲመለስ ግን አላየሁትም፣ እንዲያ ፈጣን ነው።

«ነደፈኝ» አሉ አያ ጌጡ። አልጮኹም። ውሃ ስጡኝ እንደሚል ሰው ነው ያሉት።

እኔስ?

ሮጥኩ።

ዱላውን ጥዬ ሮጥኩ። ቦይ ዘለልኩ። አንዱ ኮንጎ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ፣ ዞሬም አላየሁት። የሚያጭዱ ሴቶች «ምን ሆነ? ምን ሆነ?» ይሉኛል፣ እኔ አልፌያቸዋለሁ። እግሬ ሥር ያለው ጭድ ሁሉ እባብ ነው። ጥላዬ እባብ ነው። የሱሪዬ ገመድ ተፈትቶ ጭኔን ሲነካኝ «እናቴ ድረሽልኝ!» ብዬ አገር ይያዝልኝ አልኩ። የታሰረች ላም እንኳ ብትኖር በጥሳ የምትሸሽ ይመስለኛል፤ ያልታሰሩት ሁሉ ሸሽተውኛል።

ኮሊን ሰዓት ቢይዝልኝ ኖሮ ይኼኔ ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ነኝ።

አስፋልቱ ዳር ባጃጅ ቆማለች። ሹፌሩን አውቀዋለሁ፣ ደሴ ይባላል። ዘልዬ ገባሁ።

«ወዴት ነው?»

«ወረታ!»

እስቲ ይቺን ደግማችሁ አንብቧት። ወረታ ነው ያልኩት። ወደ ማሳው አላልኩም።

ደሴ ዞሮ እግሬን አየ፤ አንዱ ባዶ ነው። «ምን ሆነህ ነው አንተ?»

«እባብ!»

«ማንን?»

ማንን።

እናንተዬ፣ የምር የፈራሁት ያኔ ነው። «አያ ጌጡን» አልኩት።

ደሴ ወዲያው ሞተሩን አስነሳ። መሪውን ወደ ማሳው አዞረ። እሱ ነው ያዞረው፣ እኔ አይደለሁም። ይኼ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ።

በዚያ ኮረኮንች ስንመለስ የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም። እባቡን ረስቼዋለሁ። ደርሼ ተጋድመው ባገኛቸውስ? እናኑን ምን እላታለሁ? «አባትሽ እኔን አምነው እጃቸውን ሰደዱ» ልላት ነው? ማርያምን፣ እኔን በነደፈኝ ብያለሁ። ብያለሁ ግን እግሬን ወደ ላይ ሰብስቤ ነው የተቀመጥኩት።

ደረስን። በሕይወት አሉ!

ክምሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ እጃቸው እስከ አንጓው አብጧል። ኮሊን ተንበርክኮ ክንዳቸውን በእንጨት ደግፎ በሸሚዙ አስሮታል፣ ራሱ በካናቴራ ቀርቷል። ጎረቤታቸው አለሙ ምላጭ ይዞ «ልብጣውና መርዙ ይፍሰስ!» ይላል። ኮሊን መሃል ገብቶ ይከላከላል።

የኮሊን አማርኛ ሦስት ቃል ነው፦ ተው፣ ቀስ፣ አሪፍ። ሦስቱንም እየተጠቀመባቸው ነበር። ለአለሙ «ተው! ተው!»፣ ሊነሱ ለሚሞክሩት አያ ጌጡ «ቀስ! ቀስ!»። ከዚያ ቃሉ ሲያልቅበት፣ እጁ እንደ ድፎ ላበጠ ሰው «አሪፍ! አሪፍ!»

አስተርጓሚው የት ነበር? አትጠይቁኝ።

አለሙ ባጃጇን ሲያይ ምላጩን ጣለና «ይኼ ነው ወንድ!» አለ። «እኛ ስንንጫጫ እሱ ተሽከርካሪ ሊያመጣ ሮጠ!»

ደቦው ሁሉ «ጎሽ!» አለኝ። አንዲት እናት ትከሻዬን ሳሙኝ።

ደሴን አየሁት። ደሴ መንገድ መንገዱን ያያል።

አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። ጊዜ የለም፣ ሰውየው መድረስ አለባቸው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

እስከ ወረታ ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ ነበር። ከንፈራቸው ነጥቷል። መኪናና ፍየል መንገዱን በዘጋ ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች። መሃል ላይ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ «አያ ጌጡ! አያ ጌጡ!» ብዬ ጮህኩ።

«እየጸለይኩ ነው፣ ዝም በል» አሉኝ።

ሐኪም ቤት መድኃኒት ተሰጣቸው። ወደ ከሰዓት ላይ እብጠቱ ክርናቸው ላይ ቆመ። ሐኪሙ «ቶሎ መድረሳቸው በጀ፤ ዛሬ እዚሁ ይደሩ» ሲል «ተመስገን!» ብዬ ጮህኩ።

እናኑ መጣች። አለሙ በስልክ ሁሉንም ነግሯታል፣ ማለት ያልሆነውን ሁሉ። ሰው እያየ፣ እያለቀሰች፣ እጄን ሳመችው። ዱላ የያዘውን እጅ!

አልቻልኩም። ግቢ ወጣሁ።

ኮሊን ከማሳው በሌላ ባጃጅ ተከትሎን መጥቶ እዚያ ነበር። «አንተ እንዴት አልፈራህም?» አልኩት። ሳቀብኝ። የከተማ ልጅ ነኝ አለኝ፤ በሕይወቱ እባብ ያየው ከመስታወት ጀርባ ነው። ያደረገውን ሁሉ ልጅ እያለ ትምህርት ቤት ያስተማሩት ነው። «ስለምፈራ እኮ ነው ጫማዬን የማራግፈው» አለኝ።

ከቦርሳው አንድ ነገር አውጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠልኝ። ጭቃ ውስጥ የቀረው ኮንጎ ጫማዬ! አውጥቶልኛል፣ አጥቦታል። ያ ጫማ ከስድብ በላይ ነው።

ከዚያ ስልኬን ከፈትኩ። ለካ ስሮጥም እየቀረጽኩ ነበር። ሰማይ፣ ሩዝ፣ ሰማይ፣ ባዶ እግር፣ «እናቴ ድረሽልኝ!» ይላል። እስከዚህ እንኳ ያስቃል።

ግን ከሱ በፊት የአያ ጌጡ ድምፅ አለ። «ነደፈኝ።» ጥርት ብሎ ይሰማል። ከዚያ ነው ሰማዩ የሚመጣው።

ቀኑን ሙሉ ለራሴ «አልሰማሁም ነበር» እያልኩ ነው የዋልኩት። ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው የሮጥኩት። አፈርኩ፣ እውነቴን ነው።

እናኑ ውሃ ልትገዛ ስትወጣ ወደ አልጋቸው ሄድኩ።

«አያ ጌጡ፣ እኔ ባጃጅ ልጠራ አልነበረም የሮጥኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ክምሩንም…»

«እሱንም አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ ነው የነካኸው። ጆሮ የለኝም እንዴ? በፈረንጁ ጫማ ስትቀልድ እኔም ስቄ እጄን ሰደድሁ። ያንተ ብቻ አይደለም።»

«ግን እርስዎ ሲነደፉ ጥዬዎት ነው የሄድኩት!»

«ፊትህን አይቸዋለሁ ልጄ። መኪና ሊጠራ የሚሄድ ሰው ፊት አልነበረም።» ከዚያ ባልታመመው እጃቸው ጠጋ በል አሉኝና ወደ ጆሮዬ፣ «ሁለተኛ ስትሮጥ ግን ንገረኝ፤ አብሬህ ልሩጥ።»

ሊስቁ ሲሉ ክንዳቸውን አመማቸውና ተዉት። እኔ አለቀስኩ። አዎ፣ አለቀስኩ፣ እሱንም ጻፉብኝ።

«እናኑስ?» አልኳቸው።

«እሱን እኔ አልነግርልህም። ምላስ አለህ።»

እናኑ ውሃውን ይዛ ገባች። «ስትቀርጽ ነበር አሉኝ» አለችኝ። «ስትደርስላቸው የሆነውን ማየት እፈልጋለሁ። ስልክህን ስጠኝ።»

አምስት ደቂቃ ብያት ወጣሁ። ይኸው ያ አምስት ደቂቃ ነው፤ ሃያ ሆነ መሰለኝ።

የቪዲዮውን ማጥፊያ ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አደረግኳት። ደፍሬ አልተጫንኳትም።

የግቢው በር ክፍት ነው። አስፋልቱ ከፊቴ ነው። ባጃጅም ቆማለች። ጫማዬም አሁን ሁለት ነው፤ ከማጥለቄ በፊት ደግሞ ገልብጬ አራግፌዋለሁ። ስቃችሁ ጨርሱ።

እናኑ በረንዳው ላይ ቆማ ወደኔ እያየች ነው። ይህን ለጥፌ ስልኩን እሰጣታለሁ። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ኮሜንታችሁን የምታነበው እሷ ናት፣ አደራ! እስቲ ፈጣሪን ፈርታችሁ እውነቱን ንገሯት፦ ከእናንተ ውስጥ የማይሮጥ ማን ነው?

ቶሎ በሉ፣ እየመጣች ነው።