የአባዬ ፒካፕ ውሃዋን የት ታደርሳለች?

ውሃ የገባበት ነገር ሁሉ አንድ ቀን ያፈሳል፤ ይህን ማንም ያውቃል። እኔን ግራ የሚያጋባኝ ሌላ ነው። የሚያፈስ ነገር የሚያፈስበት ቦታ ሊኖረው አይገባም? ጣሪያ ሲያፈስ ባልዲ ታስቀምጡለታላችሁ፤ የተሸከማችሁት ጀሪካን ሲያፈስ ጀርባችሁ ይነግራችኋል። አባዬ የገዛት ያገለገለች ፒካፕ ግን ውሃ ትጠጣለች፣ የጠጣችው ይጠፋል፣ ከሥሯ ያለው መሬት ደረቅ ነው። ሰው ብትሆን ስኳር አለባት እንል ነበር።

ታሪክ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ብዘባርቅ ታገሡኝ።

ፒካፗ ሆሳዕና ከተማ የገባች ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ መርቋታል። በሦስተኛው ሳምንት አባዬ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያይ የራዲያተሩ ውሃ ጎድሏል። ሞላው። በማግስቱም ጎደለ። የመጀመሪያው መካኒክ ከሥሯ ተኝቶ ቆይቶ ወጣና "ራዲያተሩ ነው" አለ፤ ተበየደ። ሁለተኛው "ራዲያተር ያላችሁ ማን ነው? የውሃ ፓምፑ ነው!" አለ፤ ተቀየረ። ሦስተኛው ምንም ሳይነካ አንገቱን ነቀነቀና መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የቴስታታ ጋስኬት" አለ፤ የሞተሩ ራስ ማሸጊያ መሆኑ ነው፤ እሱም ተቀየረ። ውሃው ግን ሦስቱንም አልሰማም። መጉደሉን ቀጠለ።

ከዚያ አጎቴ ከሌሞ መጣ። አጎቴ እንሰት አምራች ነው፤ ለእሱ በዚህ ዓለም ላይ በቡላ የማይደፈን ቀዳዳ የለም። "ቡላ ሙቅ ውሃ ሲያገኝ ይወፍራል፤ የወፈረ ነገር ደግሞ ይደፍናል" አለ። እስቲ ለዚህ ምን መልስ አላችሁ? አንድ እፍኝ ምርጥ ቡላ ራዲያተሩ ውስጥ ገባ። እውነትም ለሁለት ቀን ውሃው አልጎደለም። በሦስተኛው ቀን ሞተሩ እንደ ድስት ተንተከተከ፤ መካኒኩ ሲበርድ ጠብቆ ክዳኑን ሲከፍት ከውስጥ ገንፎ ብቅ አለ። ገንፎውን አየ፤ አባዬንም አየ።

"ቅቤ ብቻ ነው የቀረው፣ ጋሼ" አለ።

ታጥቦ ታጥቦ ቡላው ወጣ። ሽታው ግን እዚያው ቀረ።

ይህ ሁሉ የሚሳቅበት ይሆን ነበር፣ የታላቅ ወንድሜ የታምራት ጉዳይ ባይኖር። ታምራት የሚወዳት ልጅ ቤተሰቦች ዳምቦያ ናቸው። ሽማግሌ ሊላክ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ተይዞ፣ ሁለቱንም ጊዜ ፒካፗ በእንፋሎት ተሸፍና መንገድ ላይ ቀርታለች። "በሚኒባስ አትሄዱም ነበር?" ትሉ ይሆናል። እማዬም ብላለች። አባዬ ግን ደጁ ላይ መኪና አቁሞ ሽማግሌ በሚኒባስ የሚልክ ሰው አይደለም። በመጨረሻ የልጅቷ አጎት ደወለ። "በሦስተኛው ከቀራችሁ ሌላ ደጅ የሚጠና አለ" ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ታምራት እንጀራ እየቆረሰ የሚያየው ወጡን አይደለም፤ በመስኮት ፒካፗን ነው።

የእኔ ሥራ መርፌዋን ማየት ነበር። አባዬ መንገዱንና የሙቀቷን መርፌ አንድ ላይ ማየት ስለሚያቅተው፣ እኔ ጋቢና ተቀምጬ "ወጣች፣ ወረደች" እላለሁ። ታዲያ እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ እግሬ ይረጥባል። ቤት ገብቼ ካልሲዬን ሳወልቅ ይጨመቃል። እማዬ "የአንቺ እግር ደግሞ ላቡ!" ስትለኝ አፍሬ ላብ ነው ብዬ ተቀበልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ደፍሬ "አባዬ፣ እግሬ..." ብል፣ "እግርሽን ተይና መርፌዋን እዪ!" አለኝ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፤ ዝም አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ውሃ ግን በጫማ በኩል ይገባል።

የሦስተኛው ቀጠሮ ቅዳሜ ደረሰ። ሦስት ሽማግሌዎች ተሳፈሩ። አውራው አባባ ኤርጊቾ ናቸው፤ ነገር የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ሳይናገሩ ሌላው አፉን አይከፍትም። ጋቢናው በዕድሜ የእሳቸው ሆነ። እኔ ከኋላ ወንበር በሁለቱ መካከል ተሰክቼ አንገቴን አስግጌ መርፌዋን አያለሁ። ሴት ልጅ ሽምግልና ስትሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላየሁም።

አባባ ኤርጊቾ እስከ አንጋጫ አሳቁን። አባዬ ፈጠን ሲል "ቀስ በል እንጂ! ልጅቷን ልንጠይቅ ነው የምንሄደው ወይስ ልንጠልፍ?" ይሉታል። ከአንጋጫ በኋላ ግን ድንገት ዝም አሉ። ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ ሳቡ። ትንሽ ቆይተው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው አወረዱት።

"አባባ፣ አመመዎት እንዴ?" አለ አባዬ።

"መንገድህን እይ!"

ዳምቦያ ስንደርስ መርፌዋ ጫፍ ልትነካ ምንም አልቀራት፤ ግን ደረስን። የልጅቷ ዘመዶች የግቢው በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ወረዱ። አባባ ኤርጊቾ አልወረዱም።

"እናንተ ግቡ" አሉ ፊት ለፊት እያዩ። "እኔ እዚሁ ልሁን።"

"አባባ፣ ያለ እርስዎ እንዴት ይሆናል?" አለ አባዬ።

"አልወርድም አልኩህ!"

የልጅቷ አጎት ሰዓቱን አየ። የሽማግሌዎቹ አውራ መኪና ውስጥ ቀረ ማለት፣ ደጃችሁን አልረግጥም ማለት ነው። አባዬን ላብ አጠመቀው። "ምን አስቀየምናቸው?" ብሎ ወደ እኔ ዞረ፣ የሽማግሌም መርፌ የማነብ ይመስል።

እኔ የማየው ጋቢውን ጨምድዶ የያዘውን እጃቸውን ነበር። ያንን እጅ አውቀዋለሁ። ክፍል ውስጥ ጫማዬ ሲንጨቀጨቅ ቦርሳዬን እግሬ ላይ የማደርግበት የእኔ እጅ ነው። ያኔ ገባኝ። ሰው በዚያ ዕድሜ እግሩ ድንገት በሙቅ ውሃ ሲረጥብ፣ መጀመሪያ የሚጠረጥረው መኪና አይደለም።

ወደ ጆሯቸው ተጠጋሁ። "አባባ፣ የእርስዎ አይደለም" አልኩ። "የመኪናዋ ነው። እኔንም ሁልጊዜ ታረጥበኛለች።"

ዞረው አዩኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ምንጣፉ ላይ ጫን አደረጉና አሸተቱት።

"አንተ ሰውዬ!" አሉ አባዬን። "ይሄ ነገር ቡላ ቡላ ይሸታል!"

እንዲያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። በሩን ከፍተው ወረዱና ጫማቸው ጨቅ ጨቅ እያለ ወደ በሩ ሄዱ። የልጅቷ አጎት ዝቅ ብሎ አይቶ "ምነው አባባ፣ ረጠቡ?" ሲላቸው፣ "ለእናንተ ልጅ ስንት ውሃ ተሻግረን የመጣን መሰለህ!" አሉት። አጎትየው ሳያስበው ሳቀ። የሳቀ ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል፤ ከሰዓት በኋላ ስንመለስ እሺታውን ይዘን ነበር።

ሰኞ ዕለት አራተኛው መካኒክ ክሩስኮቱን፣ መርፌዋ ያለችበትን ሰሌዳ፣ ፈታ። ከጀርባው የጋቢናው ማሞቂያ የሆነች ትንሽ ራዲያተር አለች፤ በሆሳዕና ብርድ እንኳ ትዝ ያለችው ሰው አልነበረም። ተበስታ በምንጣፉ ሥር የምታፈሰው እሷ ኖራለች። ወደ እሷ የሚገባውንና የሚወጣውን የውሃ ጎማ እርስ በርስ ገጥሞ እሷን አስቀራት፤ አለቀ። አባዬ "ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ፒካፗ ጠብታ አልጎደለባትም። መርፌዋ መሃል ላይ ተቀምጣለች፤ ሹመቴም ተነሣ። ግን ትናንት ከትምህርት ቤት በእግሬ መጥቼ ካልሲዬን ሳወልቅ ይጨመቃል። ዝናብ አልነበረም። እማዬ እንደ ድሮው "ላቡ!" ልትል አየችኝ። በማን ላላክክ ብዬ በመስኮት ብመለከት፣ ፒካፗ ደረቅ ግቢ ውስጥ ደርቃ ቆማለች።