ዋስ የጠፋለት ጣሪያ

ሰው የየት አገር ሰው እንደሆነ ቁርጡን የሚያውቀው ፓስፖርት ሲያወጣ አይመስለኝም፤ ብድር ሲጠይቅ ነው። እኔ አዲስ ከተማ ሰፈር ተወልጄ፣ ሐይቁ ዳር አሳ እየበላሁ አድጌ፣ የሐዋሳ ልጅ ነኝ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። አምና ግን አንዲት ትሁት የባንክ ሠራተኛ የውጭ ዜጋ መሆኔን ሻይ እንኳን ፈልቶ በማያልቅበት ጊዜ ውስጥ አስረዳችኝ።

አልተሳሳተችም። ስዊድን ብዙ ዘመን አውቶቡስ ነድቼ፣ ዜግነታቸውን ወስጄ፣ ወገቤ እንቢ ሲለኝ በጊዜ ጡረታ ወጥቼ ነው የተመለስኩት። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው ለምን አውቶቡስ ነዳ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ባትጠይቁኝም እነግራችኋለሁ።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣን አንድ ስሙን የማልጠራው ኮሌጅ የመምህር ቦታ አወጣ። እኔና የክፍል ጓደኛዬ ታምራት ከብዙ ሰው ጋር ተፈተንን። አንደኛ ወጣሁ። ታምራት ተቀጠረ። ዓረፍተ ነገሮቹን ደግማችሁ አንብቧቸው፤ የተዘለለ ነገር የለም። ለምን ብዬ ስጠይቅ “ኮሚቴው አይቶታል” አሉኝ። ኮሚቴው ምን እንዳየ ዛሬም አላውቅም፤ የታምራት አጎት ከኮሚቴው ሰብሳቢ ጋር ምሳ ሲበላ ግን እኔ ራሴ አይቻለሁ። በዚያው ተናድጄ አገር ለቀቅኩ። ሌላው ሰው ተናዶ በር ይዘጋል፤ እኔ አህጉር ቀየርኩ።

ወደ ብድሩ ልመለስ። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ እናቴ ባወረሰችኝ ቦታ ላይ ቤት ጀመርኩ። ግድግዳው ቆመ፤ ገንዘቤ ግን ግድግዳው ጫፍ ላይ ሲደርስ ደክሞት ወረደ። ጣሪያ የሌለው ቤት ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ? አጥር ይባላል። እኔ አጥሩ ውስጥ፣ አንዱን ጥግ በሸራ ሸፍኜ እተኛ ነበር። ክረምት እየመጣ ነበር፤ የሐዋሳ ዝናብ ደግሞ ሸራ አያከብርም።

ባንክ ሄድኩ። ትውልደ ኢትዮጵያዊ መሆኔን የሚመሰክረውን ቢጫ ካርዴን በኩራት አቀረብኩ። ልጅቷ ካርዱን አየችና የአገር ውስጥ ገቢ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ጡረታ በየወሩ ይመጣልኛል አልኳት። “ከየት ነው ጋሼ?” ከስዊድን። “እሱማ የውጭ ነው።” ገንዘቡ የሚገባው እዚሁ ባንክ እንደሆነ፣ በየወሩ ቆጥራ የምትሰጠኝም አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ እንደሆነች አስረዳኋት። አጠገቧ ያለችው ልጅ ስለ እሷ ሲወራ ቀና ብላ እንዴት አደሩ አለችኝ፤ ደኅና መሆኔን ካረጋገጠች በኋላም፣ “እኔ እኮ ክፍያ ነኝ ጋሼ፤ እሷ ናት ብድር” ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በሁለቱ ወንበሮች መሐል አንድ ክንድ ቢሆን ነው። እዚያኛው ጋ ብር የነበረው ገንዘቤ ይኸኛው ጋ ሲደርስ ወሬ ሆነ።

ልጅቷ ግን ክፉ አይደለችም። ደመወዝተኛ ዋስ ካመጣሁ ነገሩ እንደሚያልቅ ነገረችኝ። ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆን ይመረጣል። “ለምሳሌ መምህር” አለችኝ። ይታያችሁ! ከሥራ ዓይነት ሁሉ መርጣ።

በዚህ ከተማ የማውቃቸው ሰዎች ወይ ነጋዴ ናቸው፣ ወይ ጡረተኛ፣ ወይ ዘመድ፤ ዘመድ ደግሞ የስዊድን ሰው ዋስ ሁነኝ ሲለው ቀልድ ይመስለዋል። የማውቀው ደመወዝተኛ አንድ ታምራት ነው፤ እስከ ዛሬ እዚያው ኮሌጅ የሚያስተምር፣ አሁን ዶክተር ታምራት። ከተመለስኩ ጀምሮ ሐይቁ ዳር ከሩቅ ባየሁት ቁጥር ፊቴን ወደ ውኃው አዞራለሁ። ውኃው ላይ ከአንድ ሁለት ጀልባ በቀር ምንም የለም፤ እኔ ግን በታላቅ ጥሞና ነው የማየው።

ይህን ጉዴን ለጎረቤቴ ለጋሽ ላሚሶ አጫወትኳቸው። የዕድራችን ዳኛ ናቸው፤ ለመቅበርም ለማስታረቅም ሰው አይለዩም። “አንተ ካፈርክ እኛ ምን እንሠራለን? እንሄዳለና!” አሉ። ሌላ አንድ ሽማግሌ ጨምረው፣ እሁድ ጠዋት ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ወደ ታምራት ቤት ሄዱ።

እንግዲህ አስቡት። እሁድ ጠዋት ነው፣ ሁለት ባለጋቢ ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመዋል፣ ግቡ ተቀመጡ ሲባሉም “ጉዳያችን ሳይመለስ አንቀመጥም” ይላሉ። ታምራት ደግሞ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ሴት ልጅ አለችው። ሚስቱ ነጠላዋን ልትቀይር ወደ ጓዳ ሮጠች። ልጅቷ ለምትወደው ልጅ ስልክ ደውላ ሳትነግረኝ እንዴት ሽማግሌ ትልካለህ ብላ ጮኸችበት፤ እሱም አልላክሁም ብሎ ሲምል ይባስ ደነገጠች። ጋሽ ላሚሶ አማርኛን እየመረጡ፣ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፤ ከተላኩበት ጉዳይ በፊት ላኪውን ማስተዋወቅ ደግሞ ወጋቸው ነው። ታምራት አንገቱን ደፍቶ ልጁ ምን ይሠራል ብሎ ጠየቀ። “ጡረተኛ ነው” አሉት። ዕድሜውስ ሲል፣ “የእርስዎ እኩያ ነው፤ እንዲያውም አብራችሁ ተምራችኋል።” ታምራት ላብ በላብ ሆነ። “ቤት አለው፣ ጣሪያ ግን የለውም” ብለው ጋሽ ላሚሶ በቅንነት ጨመሩበት።

በመጨረሻ የተፈለገችው ልጅቷ ሳትሆን የአባቷ ፊርማ መሆኑ ሲታወቅ፣ እንኳን ዋስትና ኩላሊቱን ቢጠይቁት እንቢ የሚል አልነበረም።

በማግስቱ ባንክ በር ላይ ተገናኘን። አቅፎ ትከሻዬን እስኪያመኝ ሳመኝ። “አንተ ጉደኛ! ልጄን ልትወስድብኝ ነበር እኮ!” አለኝ። እኔ ግን ለዓመታት ያዘጋጀሁት ንግግር ስለነበረኝ፣ ያንን ፈተና ያስታውስ እንደሆነ ጠየቅሁት። የቱን ፈተና? የኮሌጁን። ጥቂት አሰበና፣ “ኧረ ተወኝ! እኔን እዚህ ቸንክሮ ያስቀረኝ እሱ አይደል? አንተ ዕድለኛ፣ አመለጥክ!” አለኝ። ዕድለኛ! አህጉር የቀየርኩበትን በደል ሰውዬው ረስቶታል፤ ይባስ ብሎ ይቀናብኛል።

ገባን። የብድሯ ልጅ ለካ ተማሪው ነበረች፤ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠችው። የደመወዙን ማስረጃ ተቀበለች፣ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገች፣ ደግማ ነካ አደረገች፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ደመወዝዎ ለዚህ ብድር ዋስ ለመሆን አይበቃም” አለችው።

ታምራት ጥፍሮቹን ማየት ጀመረ።

እስቲ ፍረዱኝ፤ ይህ ቀን የእኔ የድል ቀን መሆን አልነበረበትም? ቀማኛዬ በገዛ ተማሪው ፊት አንገቱን ደፍቷል። እኔ ግን ከወንበሬ ተነስቼ ጠረጴዛውን መታሁት። “እንዴት ነው የማይበቃው? ለዚህ ደመወዝ እኮ ነው አገር ጥዬ የተሰደድኩት!” ብዬ ጮህኩ። ዘበኛው ብቅ አለ። ታምራት ክንዴን ይዞ አወጣኝ።

ውጭ ወጣን። ከዚያ ታምራት መምህራኑ የሚጥሉት ዕቁብ እንዳለ፣ ዕጣው ሰሞኑን ለእሱ እንደወጣ ነገረኝ። ውሰደውና የቀረውን በየወሩ በእኔ ስም ክፈል አለኝ። ገንዘቡን ለምን አስቦት እንደነበር ስጠይቀው፣ “ለልጄ ሠርግ ነበር። ጠያቂው አንተ ሆነህ ቀረህ እንጂ” አለኝ።

ዕቁቡ ዘንድ ገቢህ ከየት ነው፣ ዜግነትህ ምንድን ነው ያለኝ የለም። ሰብሳቢው የጠየቀኝ ማን ያውቅሃል ብሎ ብቻ ነው። ታምራት እጁን አወጣ። አለቀ።

አሁን ክረምት ነው። ቆርቆሮው ከተመታ ሰንብቷል። ታምራት እሁድ እሁድ ብቅ ይልና ቀና ብሎ አይቶ፣ ያፈስ እንደሆነ ይጠይቀኛል። አያፈስም። አንድ ጠብታ እንኳን ቢያፈስ የምማረርበት አገኝ ነበር። ዝናቡ ሲያይል በደሌን ላብሰለስል ጋደም እላለሁ፤ ከላዬ ያለው የሰውዬው የልጁ ሠርግ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ግን ነገሩ አልመቸኝ ይላል።

ስለዚህ ቂሜን የዕቁቡ ክፍያ እስኪያልቅ ድረስ ለጊዜው አቆይቼዋለሁ። ከፍዬ ስጨርስ እንተያያለን። አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ።