በፋሲካ ሽሮ የበሉት ሰው

ውፍረት እኛ መቱዎች ዘንድ ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ማዕረግ ነው። ሰውና ሰው ሲገናኝ «ወፈርክ፣ ተመስገን!» ካልተባባለ ሰላምታው ጎደሎ ነው። የከሳ ሰው ግን ወይ ከስሯል፣ ወይ ሚስቱ አታበላውም፣ ወይ የደበቀው ነገር አለ። ጋሼ ዋቅጅራን ጉድ የሠራቸው ይህ የመጨረሻው ነው።

ጋሼ ዋቅጅራ ጣሊያን ከወጣ ወዲህ በቡና ንግድ የከበሩ ጎረቤቴ ናቸው። ቦርጫቸው ከበቅሏቸው ቀድሞ ገበያ ይገባል እንል ነበር። ታዲያ ያን ቦርጭ ያየ ሰው፣ የደጃቸው ዳገት እንደሚያስለከልካቸው፣ ቀኝ ጎናቸው እንደሚከብዳቸው፣ ሌሊቱን ተኝተው አድረው ቀን እንደሚያንቀላፉ በምን ይወቅ? አዲስ አበባ ቡና ሊሸጡ በሄዱበት አንድ ሐኪም ጎናቸውን ዳብሶ፣ ጉበታቸው ስብ እንደተሸከመ ነገራቸው። ቅቤ፣ ጮማና ጠጅ ይቅር፤ በእግርዎ ይሂዱ፤ አለዚያ ዕድሜዎ አጭር ነው አላቸው። እሳቸውም ለባለቤታቸው ለእትዬ አስካለ ብቻ ተናግረው ዝም አሉ። ነጋዴ ታመመ ከተባለ ማን ቡናውን ያምነዋል?

በፋሲካ ዕለት እንኳን አደረሰዎ ልል ብቅ ስል ያየሁትን እንዴት ልንገራችሁ? ቤተሰቡ ዶሮውን ከቧል፤ ጋሼ ዋቅጅራ ለብቻቸው ሽሮ ይበላሉ! ቅቤ የሌለበት ሽሮ! በፋሲካ! በሳምንቱ ደግሞ ኮርቻ የተጫነባትን በቅሎ ባዶዋን እየጎተቱ በእግራቸው ሁሩሙ ገበያ ሲወርዱ ታዩ። ከዚህ በኋላ ከተማው ምን ይጠብቃል? ይህ የንስሐ ቅጣት ነው ተባለ። ፋሲካን እንኳ የሚያስጾም ንስሐ ደግሞ ለሌላ ለምንም አይሰጥም። ጋሼ ዋቅጅራ ሰው ገድለዋል!

በግራዝማች ጉተማ የሚመሩ ሽማግሌዎች ቤታቸው ገቡ፤ እኔም ጎረቤት ነኝና ተጎትቼ ገባሁ። የሟች ዘመድ ለበቀል ሳይነሳ ነገሩን በጉማ፣ በደም ካሣ ለመጨረስ ነው። ሟቹ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ይህም ማንንም አላሳሰበም።

«ዋቅጅራ፣ ዱጋ ንገረን፤ እውነቱን» አሉ ግራዝማች።

እትዬ አስካለ አላስቻላቸውም። «ኧረ ግራዝማች፣ ጉበታቸውን አሟቸው ነው! ቅቤ የከለከላቸው ሐኪም ነው!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ቅቤ ያድናል እንጂ ያማል እንዴ?» አሉ ግራዝማች። ያስመጡትን ጮማ ከሚጥሚጣው፣ በያዮ ማር ከተጣለው ጠጅ ጋር አቀረቡላቸው። «ንስሐ ካልሆነ ይኸው፤ ብላና ስምህን አጥራ።»

ቢበሉ ጉበታቸው፣ ባይበሉ ስማቸው። ጋሼ ዋቅጅራ ጮማውን ትኩር ብለው አዩት፤ ምራቃቸውን ዋጡ። ከዚያ ገፉት።

«ገድያለሁ» አሉ።

እትዬ አስካለ ጮኹ።

«ማንን?» አሉ ግራዝማች።

«እሱን አልናገርም።»

ሟች ተፈለገ። ከመቱ እስከ ያዮ የጎደለ ሰው አልተገኘም፤ ጉማ የሚጠይቅም ጠፋ። እኔ ሰው ይሸሻቸዋል ብዬ ስሰጋ፣ ጭራሽ ተከበሩላችሁ! መንገድ ይለቀቅላቸዋል፤ ሚዛን የሚያጭበረብራቸው የለም። ከሁሉም በላይ «በሞቴ» ብሎ ሊያጎርሳቸው የሚደፍር ጠፋ። ጎመናቸውን በሰላም በልተው እስከ ሶር ፏፏቴ በእግራቸው ደርሰው ይመለሳሉ፤ ዳገቱን እያፏጩ ነው የሚወጡት። እንዲህ ያለ ነፍሰ ገዳይ አይቼ አላውቅም።

ባለፈው ጥር አንድ ሰርግ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ወጥ የምታወጣው ሴት እሳቸውን እጅ ነሥታ አለፈችና ለእኔ ቅቤ የዋኘበትን ዶሮ ገለበጠችልኝ። ጠገብኩ ብል፣ በቃኝ ብል፣ ብለምን ማን ሊሰማኝ!

«ኧረ ጋሼ! እርስዎ ምን በደል ሠርተው ነው የማይበሉት?» አለችና ደገመችኝ።

በላሁ። እኔንም ሰሞኑን ቀኝ ጎኔን ይከብደኛል። እስቲ እናንተ ምከሩኝ፤ ማንን ገደልኩ ልበል?