ሳይቀመጡ የወጡት ሽማግሌ

«ሶማሌላንድ አገር መሆኗን ካላመኑ አልቀመጥም!» አሉ አጎቴ፣ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ። «የራሷ ሕገ መንግሥት አላት!»

«ሕገ መንግሥት መጻፍማ ማን ያቅተዋል? የሶማሊያ ግዛት ናት፤ አለቀ!» አሉ የቤቱ ጌታ አቶ በላይ።

አንባቢ ሆይ፣ በጎረቤት መንግሥታት ጠብ ደሙ የሚፈላ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? አጎቴ ሸዋ በር ሰፈር ድረስ የመጡት ሽማግሌ ሆነው የአቶ በላይን ልጅ ሄለንን ለእኔ ሊጠይቁ ነበር። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አለመቀመጡ ደንብ ነው። ምን ያደርጋል፣ ቴሌቪዥኑ የሶማሌላንድን ዜና ጀመረ! እኔ ደጅ ቆሜ ስጠብቅ፣ ሳሎን ውስጥ ሁለት መንግሥታት አምባሳደሮቻቸውን ጠሩ።

በመጨረሻ አጎቴ እንደ ድል አድራጊ እየተንጎራደዱ ወጡ።

«ጋሼ፣ ስለ ሄለንስ ምን አሉ?»

«የምን ሄለን?» ብለውኝ አለፉ።

ይህን ሰምታ በሩን ከውስጥ የዘጋችው ራሷ ሄለን ነበረች።